የተሰረዘው ጠቦት

ከአዲስ አበባ በተላከው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ነበር። አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ውሻ። አያት የለም፤ አጎት የለም፤ የክርስትና እናት የለችም፤ ጎረቤት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። ውሻው ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ለልደት በዓል አባትየው ጫካ ይሄድና ዛፍ ቆርጦ አምጥቶ ቤቱ መካከል ያቆመዋል።

መምህር ማሩ ይህን ገጽ ለአራተኛ ክፍል ልጆቹ ያስነበበ ዕለት አንዷ እጇን አወጣች።

«መምህር፥ ዛፉ ቤት ምን ሊሠራ ገባ?»

ማሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ለማገዶ ነዋ። እርጥብ ስለሆነ እስኪደርቅ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ በዚህ ተስማማ።

ማሩ አልሳቀም። ሰውየው ቶሎ ይቆጣ ነበር፤ በቁጣው ደግሞ አያፍርም። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በቀጥታ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሄደ።

«አቶ ዳኛው፥ ይህ መጽሐፍ ውሸት ነው።»

«መጽሐፉ የመንግሥት ነው።»

«እንግዲያው የመንግሥት ውሸት ነው ልበል?»

አቶ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት። «እንዲያ ካልህ እኔ ጆሮዬን ያመኛል፤ አልሰማሁም።»

«ፈረንጁ ስለ ቤቱ በመጻፉ ደግ አደረገ። ቤቱ ነው። ይህን ተርጉሞ ለጎንደር ልጅ የላከው ነው ጥፋተኛው። ልጅ ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ የራሱን ደጃፍ ማየት አለበት። የኛ ልጆች ግን ሲያነቡ የሚያዩት የማያውቁትን ሰው ውሻ ነው።»

ጣልያን ከጎንደር ከወጣ አስራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ይሁንና ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ዕውቀት፣ ከጓዳ የወጣ ሁሉ ድንቁርና የሚመስላቸው ሹሞች ያን ጊዜም ሞልተው ነበር። አቶ ዳኛው እንኳ የዚያ ወገን አልነበሩም። ክፋታቸው ሌላ ነው፤ ጠብ ይፈራሉ። ስለዚህም ማሩ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ከመታ በኋላ፣ «እስከ ጥር ማለቂያ የፈለግኸውን አስነብብ። ወላጅ ከመጣብኝ ግን አንተን ነው የማሳየው» አሉት።

ማሩ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ አርባ አንዱን ተማሪዎች ወረቀት አስያዘና፣ «ቤታችሁ ገናን እንዴት እንደ ዋለ ጻፉ። የእስላም ልጆችም ጎረቤት ያያችሁትን ጻፉ። ከመጽሐፍ የቀዳ ይመታል» አላቸው። ከሁሉ ጥሩ የሆነውን መርጦ በትልቅ ወረቀት ገልብጦ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለውና ለክፍሉ ንባብ ሊያደርገው አስቧል።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቹን በቦርሳው ይዞ፣ ወደ ደባርቅ በሚሄድ የጭነት ማኪና ተሳፍሮ አምባ ጊዮርጊስ፣ አባቱ ቤት፣ ወረደ። ለገና አልሄደም ነበር፤ ሚስቱ ይመኙሽ በታኅሣሥ ወልዳ ገና አራስ ናት። ይህም ቢሆን አባቱ ወልደኢየሱስ አኩርፈዋል። አኩርፈውም የበጉን ፍሪምባ ሳያስነኩ አስቀምጠውለታል።

ፍሪምባውን በልቶ ሲያበቃ አባትና ልጅ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ማሩ ቀይ ቀለሙን አውጥቶ ማረም ጀመረ። ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም፤ ሲነበብላቸው ግን አንዲት ቃል አታመልጣቸውም።

«የማን ናት ይህች?»

«የአበቡ። አባቷ ነጋ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነው፤ ከእስላሞቹ ሰፈር፣ ከአዲስ ዓለም ዳር ነው ቤታቸው። ከሁሉ የሷ ይሻላል።» ማሩ አነበበላቸው።

«ለገና አባቴ አንድ ሙክትና አንድ ጠቦት ገዛ። ሙክቱን አባቴ አረደው። ጠቦቱን ጎረቤታችን አያ ሷሊሕ መጥተው በራሳቸው ቢላ አረዱት። የጠቦቱ ሥጋ በሌላ ድስት ተሠራ፤ ድስቱን ያመጣችው የዙህራ እናት ናት። ዙህራና እናቷ የጠቦቱን በሉ፤ እኛ የሙክቱን በላን። እናቴ ለኛ ጠላ፣ ለነርሱ ብርዝ ቀዳች። ደስ አለን።»

«ሸጋ ነው» አሉ ወልደኢየሱስ። «ይህች ልጅ ዓይን አላት።»

ማሩ ግን ብዕሩን ቀለም ነከረና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ቀዩን መስመር ሳበው። ጠቦቱ ሄደ። ቢላው ሄደ። ድስቱም ብርዙም ሄዱ። እዚህም እዚያም ጥቂት ቃል ጨምሮበት የቀረው ይህ ነበር፦ «ለገና አባቴ በግ አረደ። ጎረቤቶቻችን ዙህራና እናቷ መጡ። አብረን ሥጋ በላን። ደስ አለን።»

«ምነው ሰረዝኸው?»

«ይህ ለልጆች አይሆንም፥ አባዬ። አበቡና ዙህራ በአንድ ወንበር ተቀምጠው፣ አንድ ሰሌዳ እያነበቡ፣ በድስት ይለያዩ?»

«ታዲያ እንግዶቹ ምን በሉ?»

«ሥጋ ነዋ።»

«ማን ያረደውን?»

ማሩ ሳቀ። «ይኸውልህ! እኔ የምሰርዘው ይህን ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄውንማ አልነካኸውም» አሉ ሽማግሌው፤ «የሰረዝኸው መልሱን ነው።»

ማሩ የቀለሙን ጠርሙስ ከደነ። ከዚያው ግድግዳ ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በልጅነቱ አንድ ድስት ተሰቅሎ ይታየው ነበር። ዐብዱረሕማን የሚባሉ ነጋዴ ወደ ስሜን ሲወጡና ሲወርዱ እዚህ ቤት ያድራሉ፤ ድስቱ የርሳቸው ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ልጃቸው ከማሩ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲራወጥ ይውላል፤ ምሳ ሲደርስ ግን አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ። የስምንት ዓመቱ ማሩ አንድ ቀን ያን ድስት ሊሰብረው ድንጋይ አንሥቶ፣ በአባቱ አለንጋ ተመልሷል። እነሆ አሁን፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ በቀይ ቀለም ሰበረው። ደስ ብሎትም ወደ ጎንደር ተመለሰ።

ሰኞ ወረቀቱ ተሰቀለ። አበቡ ከፊቱ ቆማ ሁለት ጊዜ አየችው፤ አንዴ ወደ መምህሩ ዞር አለችና ቦታዋ ተቀመጠች። ዙህራም አነበበችው። ከአርባ አንዱ መካከል እንደ ዙህራ የሚያነብ አልነበረም፤ ቃል አትቆራርስም፣ በነጠላ ሰረዝ ታርፋለች፣ የጥያቄን ድምፅ ታውቃለች። አባቷ አያ ሷሊሕ፣ የአቡጀዲና የጥለት ነጋዴው፣ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ለማን ልትጽፍ ነው?» ካሉት ወንድሞቻቸው ጋር ተጣልተው ነው ያስገቧት። ማሩ ይህን ስለሚያውቅ በልቡ ሌላ አሳብ ነበረው፤ በሚመጣው ዓመት ለአምስተኛ ክፍል ፈተና ከሁሉ በፊት የሚያቀርበው እሷን ነው።

የኛ አገር ልጅ ሲያነብ ለብቻው አያነብም። አንዱ ያወጣል፣ አርባው ይቀበላል፤ ሳምንት ሳይሞላ ንባቡ ዜማ ይሆናል፤ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ይዘፈናል። ማሩ ይህን ይወደው ነበር። የመጽሐፉን ውሻ አንድም ልጅ በመንገድ ላይ ዘፍኖት አያውቅም፤ የአበቡን ገና ግን በሦስተኛው ቀን ሁሉም በቃሉ ያዘው።

ከጥምቀት በፊት ያለው ቅዳሜ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው። ለጥምቀት አዲስ ልብስ የማይፈልግ የለም፤ ጨርቅ ተራ ሰው በሰው ላይ ይሄዳል። የዚያን ቀን ከሰዓት በፊት አስራ አምስት የሚሆኑ የማሩ ተማሪዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በአያ ሷሊሕ ሱቅ ደጃፍ፣ በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል እየዘመሩ አለፉ።

«ጎረቤቶቻችን ዙህራና እናቷ መጡ። አብረን ሥጋ በላን። ደስ አለን።»

ተመልሰውም አለፉ። ክፋት አልነበራቸውም። መንገዱ የሚያልፈው በዚያው ነው።

ጥምቀት አለፈ፤ ቃና ዘገሊላ አለፈ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዙህራ ቦታ ባዶ ነበር። በማግሥቱም ባዶ ነበር። ማሩ አበቡን ሲጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «ትምህርት ትታለች አሉ» ከማለት በቀር አልተናገረችም። እናቷ እንዳትናገር አዝዛታለች።

አቶ ዳኛው፣ «እኔ እንኳ ይህን ያህል መቆየቷም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ሴት ልጅ ናት፤ የነጋዴ ልጅ ናት፤ አድጋለች። ተወው።»

ማሩ አልተወውም። ያን ቀን እቤቱ ገብቶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ለአያ ሷሊሕ የሚናገረውን አዘጋጀ። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ተናገረ፤ ስለ አገር ዕድገት ተናገረ፤ ድምፁ እየጨመረ ሄደ።

«ለማን ነው የምትጮኸው?» አለች ይመኙሽ።

«ለሷሊሕ።»

«ሷሊሕ እዚህ የሉም፤ ልጁን ነው የቀሰቀስኸው። ሄደህ እዚያው ጩኽ።»

ሄደ። አያ ሷሊሕ ሱቃቸው ውስጥ አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ሁለት ገበያተኞች ቆመዋል። ሰላምታውን ተቀበሉት፤ ተቀመጥ ግን አላሉትም።

«አያ ሷሊሕ፥ ልጅዎን ስለ ምን አስቀሩብኝ? በክፍሉ እንደሷ ያለ አንባቢ የለም። የነገ አገር—»

«መምህር፥» አሉ ሽማግሌው ከመለኪያው ዓይናቸውን ሳያነሡ፤ «ቢላዬን የት አደረስኸው?»

«የምን ቢላ?»

«እኔ በቢላዬ ነው ያረድሁ። ቢስሚላህ ብዬ፣ በገዛ እጄ፣ በነጋ ግቢ ውስጥ። ጠቦቱ ሲወድቅ ነጋ እግሩን ይዞልኛል። የናንተ ልጆች ገበያ ለገበያ የሚያዜሙት ግን ሌላ ነው። ሚስቴና ልጄ ነጋ ያረደውን በልተው ደስ እንዳላቸው ነው።» ጨርቁን ቀደው ለገበያተኛዋ ሰጧት። «መስጊድ ስወጣ የሚጠይቀኝ አለ። ወንድሞቼማ አይጠይቁም፤ ደስ ብሏቸዋል። ‹ያልንህ ይህን ነበር፤ ፊደሉ ወዴት እንደሚወስዳት አየህ?› ይሉኛል። ሚስቴ ራቢዓ ከቤት መውጣት ተወች። ነጋንም ለሰላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው ብዬ ነበር። ሴት ልጁ እንዲህ ብላ ስትጽፍ ዝም ያለ ሰው ምን ጎረቤት ነው?»

ማሩ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። የአበቡ ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቀዩ መስመር ያለበት ያ ወረቀት ባይወጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አበቡ ልጅ ናት፣ ማን ያምናታል? ነጋም ተጠርጣሪ ሆኖ ይኖራል። ይህን ማሰቡ ራሱ አናደደው። በዚያ ሳምንት ማሩ በብዙ ሰው ላይ ተቆጥቶ ነበር፤ በትክክለኛው ሰው ላይ የተቆጣው ግን ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቱን አውጥቶ መደቡ ላይ ዘረጋው።

«ልጅቱ ጽፋዋለች። ጠቦቱንም፣ ቢላውንም፣ ድስቱንም፣ ብርዙንም። የሰረዝሁት እኔ ነኝ።»

አያ ሷሊሕ ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ዐረብኛ እንጂ አማርኛ ጽሕፈት አያነቡም። ገበያተኛውን፣ «አንብብልኝ» አሉት፤ ሰውየው እየተንተባተበ አነበበ።

«ስለ ምን ሰረዝኸው?»

«ልጆቹ በሥጋ እንዳይለያዩ ብዬ።»

«እኛ ተለያይተናል ያለህ ማን ነው?» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ነጋ ያን ጠቦት የገዛው ለኔ ሚስት ነው። ከደመወዙ ላይ። እኔ ቢላዬን በጨርቅ ጠቅልዬ በገናችሁ ቀን ደጁን ስገባ፣ ሴቶቹ ሁለት እሳት ሲያነዱ፣ ያ ነው ጉርብትናችን። ሌላ የለንም። አንተ ጉርብትናውን አውጥተህ ጥለህ ሥጋውን ብቻ አስቀረህልን።»

ማሩ ሲከራከር መሸነፍን የማያውቅ ሰው ነበር። አሁን ግን የዐብዱረሕማን ልጅ ትዝ አለው። ድስቱ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከማሩ ጋር አይበላም፤ በማግሥቱ አባትየው ሌላ ማደሪያ ይፈልጋሉ እንጂ። ይህን ለማወቅ ሃያ ስድስት ዓመት መፍጀቱ ለመምህር ሰው ያሳፍራል።

«አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«እኔ ባደርግልህ ምን ይረባል? በገበያ የተጮኸ ነገር በሱቅ ውስጥ አይቃናም።»

«እንግዲያው በገበያ አቃናዋለሁ። ቅዳሜ።»

አያ ሷሊሕ፣ «እንግዲህ እናያለን» ብለው ሜትራቸውን አነሡ።

በማግሥቱ የግድግዳው ወረቀት ወረደ። ማሩ የአበቡን ጽሑፍ እንዳለ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድል፣ በአዲስ ወረቀት ገለበጠውና ክፍሉ ፊት ቆመ። «ባለፈው ያስነበብኋችሁ ጎደሎ ነበር። ያጎደለው መምህራችሁ ነው፤ አበቡ አይደለችም። አሁን ሙሉውን ድገሙ።» አበቡ አንገቷን ቀና አደረገች። ልጆቹም አዲሱን ከአሮጌው ይልቅ ወደዱት፤ በተለይ ቢላው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ ይላል።

አቶ ዳኛው ሲሰሙ ደነገጡ። «የመንግሥት መምህር ገበያ መካከል ቆሞ አጥፍቻለሁ ይላል? ክብርህስ? የትምህርት ቤቱስ ክብር?»

«የመንግሥት መምህር ገበያ መካከል ሰው ሲያዋርድ አልደነገጡም፥ አቶ ዳኛው።»

«እኔ የለሁበትም።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ጆሮዎን ያመዎታል።»

ቅዳሜ ሃያ ሁለት ልጆች መጡ። ማሩ በአያ ሷሊሕ ሱቅ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ወጣ። ረጅም ንግግር አላደረገም። «ባለፈው ሳምንት ከጥምቀት በፊት እዚህ የሰማችሁት ንባብ ጎደሎ ነበር። ከልጅቱ ጽሑፍ ላይ ቆርጬ ያጎደልሁት እኔ መምህሩ ነኝ። ነጋም፣ የነጋ ልጅም፣ የአያ ሷሊሕ ቤትም ጥፋት የለባቸውም። ሙሉው ይህ ነው።»

አበቡ አወጣች፤ ሃያ አንዱ ተቀበሉ። «ጠቦቱን ጎረቤታችን አያ ሷሊሕ መጥተው በራሳቸው ቢላ አረዱት...»

ገበያተኛው ከበባቸው። ድርና ማግ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ፣ «ብርዙስ ማር ነበረበት?» አለች። ሌላው፣ «መምህር፥ ድስቱን የተሸከመችውን አህያ ረሳሃት» አለው። ማሩ ፊቱ ቀላ፤ ከድንጋዩ ላይ ግን አልወረደም። ልጆቹን ሁለተኛ አስደገማቸው።

ነጋ ከወዲያ ማዶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን አጥቁሮ ቆሞ ነበር። አያ ሷሊሕ ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሆነው አዩት።

«አንድ ነገር አሁንም ጎድሏል» አሉ ጮክ ብለው። «ጠቦቱ ከሲታ እንደ ነበር አልተጻፈም።»

ሰው ሁሉ ወደ ነጋ ዞረ።

«ከሲታ ከነበረ፣» አለ ነጋ፣ «ምነው አያ ሷሊሕ፣ ለድመቷ እንኳ ሳይተርፍ ቀረ?»

ሽማግሌው ሳቁ። ነጋ ግን ወዲያው አልሳቀም፤ መጀመሪያ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ከሱቁ መደብ ላይ ተቀመጠ። ማሩ ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ሲል አያ ሷሊሕ ጠሩት።

«ወንድሞቼ ዛሬም አልተደሰቱም። ሳይደሰቱ መኖር ለምደዋል። ልጅቱ ሰኞ ትመጣለች። የጻፈችው ነገር አላት፤ ሰሞኑን ሁሉ እቤት ተቀምጣ ስትጽፍ ነበር።»

«አየዋለሁ።»

«እየው። ስትሰርዝ ግን እሷን ጠይቀህ ሰርዝ።»

ሰኞ ዙህራ አራት ገጽ ይዛ መጣች። ስለ ዓረፋ በዓል ነበር። አባቷ ለነጋ ቤተሰብ በግ ገዝተው ለነጋ ገመዱን እንዴት እንደሚያስጨብጡት፣ ነጋ የት ቆሞ እንደሚያርድ፣ እናቷ ከአበቡ እናት ስለምትዋሰው ድስት፣ በዚያ ቀን ስለሚመጡት ዘመዶች በሙሉ በስማቸው ተጽፏል። ማሩ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስከ መጨረሻው አነበበው። 

«ዙህራ፥ የዘመዶችሽ ስም አስራ ዘጠኝ ነው። ይህ ንባብ እንጂ የግብር መዝገብ አይደለም።»

«ሁሉም መጥተዋል፥ መምህር።»

«መምጣታቸውን አምናለሁ። አንባቢው ግን ስድስተኛው ላይ ይተኛል። ‹አጎቶቼና አክስቶቼ ሁሉ› በይው።»

ዙህራ አሰበች። «አክስቴ ዘይነባ ትቅር?»

«ምን ታደርጋለች እሷ?»

«ለአበቡ ቤት የሚሄደውን ሥጋ የምትለየው እሷ ናት። እሷ ካልተጻፈች ማን እንደ ለየው አይታወቅም።»

«እንግዲያው እሷ ትቆይ።»

«ሌሎቹ ይውጡ» አለች ዙህራ። ብዕሩን ከእጁ ተቀብላ አስራ ስምንቱን አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች። አንዱ ስም ላይ ደርሳ ቆመች፣ ተወችው፤ ማሩም ምክንያቱን ሊጠይቅ ሲል ቀድማው፣ «ይህ አጎቴ እንዳልማር ያለው ነው። እሱ ይግባ» አለች።

ማሩ ሊከራከር የሚችልበት ነገር ነበረው። ዐረፍተ ነገሩ በዚያ ስም ምክንያት ጎረበጥ ብሏል።

«ውጪና አንብቢው» አላት።

ዙህራ ሰሌዳው ፊት ቆማ አወጣች፤ አርባው ተቀበሉ።